ከከባድ ፈተና የወጣ ሞተር የሚፈታው ለሥርዓት አይደለም

ሰሞኑን በምህንድስና የቴሌግራም ቻናሎች አንድ ጽሑፍ በሰፊው ሲዘዋወር ሰንብቷል። አዲስ የጄት ሞተር የብቃት ማረጋገጫ ለማግኘት ከሚያልፍባቸው ከባድ ፈተናዎች በኋላ እስከ መጨረሻው ዳዶ ተፈትቶ መመርመሩ ዘመን ያለፈበት ልማድ ነው ይላል። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ስለ ቦርስኮፕ (በጠባብ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ውስጥ ስለሚገባው ቀጭን ካሜራ) እና ስለ ዘይት ምርመራ የሰጠው ማብራሪያም በአብዛኛው ትክክል ነው። የማንስማማው ከዚያ ተነስቶ በደረሰበት መደምደሚያ ነው።

መከራከሪያዎቹን እሱ ባስቀመጠበት ቅደም ተከተል እናቅርባቸው። አንደኛ፣ ሞተሩ ሙቀቱም ንዝረቱም የዘይት ግፊቱም ከገደብ ሳያልፍ ፈተናውን ከጨረሰ ጤነኛ መሆኑን በራሱ አስመስክሯል። ሁለተኛ፣ አየር መንገዶች ሞተሩን ከክንፍ ሳያወርዱ በቦርስኮፕ እያዩ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ያበሩታል፤ ለእነሱ የበቃው ለሙከራ ክፍልም ይበቃል። ሦስተኛ፣ ሴንሰርና የዘይት ናሙና ከዓይን ቀድመው ጉዳት ይደርሱበታል። አራተኛ፣ መፍታት ራሱ ክፍሎችን ይጎዳል፣ ማስረጃም ያጠፋል። አምስተኛ፣ ተፈትተው የተመረመሩ ሞተሮችም ኋላ ላይ ጉድ አፍልተዋል፤ ለዚህም የፕራት ኤንድ ዊትኒን ጂቲኤፍ ሞተር በምሳሌነት ያነሳል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 33 መሠረት የተርባይን ሞተር የ150 ሰዓት የጽናት ፈተና ይወስዳል፤ ይህም እያንዳንዳቸው 6 ሰዓት በሚፈጁ 25 ዙሮች የተከፈለ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ግን ፈተናው አላለቀም። አንቀጽ 33.93 ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እንዲፈታ ያዛል። የራሳቸው ማስተካከያ ያላቸው ክፍሎች ከፈተናው በፊት ተለክቶ በተመዘገበው ገደብ ውስጥ መቆየታቸው መረጋገጥ አለበት። እያንዳንዱ ክፍልም ከዲዛይኑ ጋር የሚስማማና ተመልሶ ሞተር ላይ ሊገጠም የሚችል ሆኖ መገኘት አለበት። እንግዲህ ጸሐፊው ከፈተናው በኋላ የተጨመረ ሥርዓት አድርጎ ያየው ነገር የፈተናው አንድ አካል ነው።

ደንብ ስላዘዘው ብቻ ትክክል ነው አንልም። ምክንያቱን ብረቱ ላይ እንፈልገው። የተርባይን ብሌድ፣ ማለትም በትኩሱ ጋዝ ግፊት የሚሽከረከረው ቅጠል፣ በከፍተኛ ሙቀትና በሽክርክሪቱ ጉተታ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ባለሙያው ክሪፕ የሚለው ነው። የተለጠጠው ብሌድ ጫፉ ከቀፎው ጋር ይታከክና ይበላል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ጋዙ በዚያ ያመልጣል። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን የታዘዘውን ኃይል ለመስጠት ነዳጅ ይጨምራል። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው የሚታየው የጭስ ማውጫ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ማለቱ ብቻ ነው፤ ያውም ከገደቡ በታች። አንድ የነዳጅ አፍንጫ በከፊል ተደፍኖ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ቢያደላም ያው ነው፦ ከፊት ለፊቱ የቆመው ቬን (ጋዙን ወደ ብሌዶቹ የሚመራው የማይዞር ቅጠል) ጠርዙ እየቀለጠ፣ ዙሪያውን ከተተከሉት ቴርሞኮፕሎች (የሙቀት መለኪያዎች) የሚሰላው አማካይ ሙቀት እምብዛም ንቅንቅ አይልም።

ከልክ በላይ ሙቀት የሚሰጥበት ፈተና ይህን የበለጠ ያሳያል። በአንቀጽ 33.88 ሞተሩ ለ5 ደቂቃ ከተፈቀደው ከፍተኛ የጋዝ ሙቀት በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥ ሙቀት፣ በሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። አምስቱ ደቂቃ ያለ ችግር ያልፋል፤ ሞተሩም በሰላም ይጠፋል። የማለፊያው መስፈርት ግን ተርባይኑ ከዚያ በኋላ በአገልግሎት ገደብ ውስጥ መሆኑ ነው። ይህን የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው። ስለዚህ የምርመራው ሥራ የሚጀምረው ከፈተናው በፊት ነው፦ እያንዳንዱ ብሌድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዲስኩ ላይ የሚገባበት ቦታ ይመዘገባል፤ ይመዘናል፤ ርዝመቱ በፊተኛውና በኋለኛው ጠርዝ በኩል በየራሱ ይለካል። ከፈተናው በኋላ ያው ብሌድ፣ በዚያው መያዣ፣ በዚያው የክፍል ሙቀት እንደገና ይለካል። መልሱ ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው። «በፊት» ያልተመዘገበለት ክፍል «በኋላ» የሚሰጠው ቁጥር የትም አያደርስም፤ በሙከራ ክፍሎች ብዙ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

«ሳይሰበር ጨረሰ» የሚለው አነጋገር ሌላም ጣጣ አለው። የጠፈር መንኮራኩሯን የቻሌንጀርን አደጋ የመረመረው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሪፖርት ላይ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን አባሪ ጽፎ ነበር። የጠፈር መንኮራኩሩ ዋና ሞተር ከፍተኛ ግፊት ባለው ፓምፕ ውስጥ ያሉት የተርባይን ብሌዶች አንድ ጊዜ በ1,900 ሰከንድ ስንጥቅ ሲገኝባቸው ሌላ ጊዜ በ4,200 ሰከንድም ምንም እንዳልተገኘባቸው ጠቅሷል። በዚያ ሁሉ መሀል ሞተሩ እየሠራ ነበር። አንዱ ሞተር ዘልቆ መጨረሱ ሌላው ይጨርሳል ለማለት አያበቃም፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑም የታወቀው ብሌዶቹ ወጥተው ስለታዩ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አንባቢ ያሳመነው ይመስላል። ቦሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል የሚሠራ ባለሙያ ቦርስኮፕ አስገብቶ ማቃጠያ ክፍሉ ላይ ስንጥቅ ቢያይ ደንግጦ ሞተሩን አያወርድም። ማኑዋሉን ይከፍታል፤ በዚህ ቦታ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ይፈቀዳል፣ ከዚህ ካለፈ በዚህን ያህል በረራ ውስጥ ደግመህ እይ፣ ከዚያ ካለፈ አውርድ የሚል ሠንጠረዥ አለ። ጸሐፊው ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ሠንጠረዥ ከየት መጣ የሚለውን ነው። የመጣው በሙከራ ጊዜ ከተፈቱ ሞተሮች፣ ስንጥቃቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ከታየ ክፍሎች፣ ኋላም ከአገልግሎት ከተመለሱ ሞተሮች ነው። ገና በሙከራ ላይ ላለ ሞተር ይህ ሠንጠረዥ የለም። በአየር መንገዱ ልማድ ተደግፎ የሙከራውን መፍታት ማስቀረት የልማዱን መሠረት ማውጣት ነው።

ቦርስኮፕ የማያያቸው ቦታዎችም አሉ፦ ብሌዱ ዲስኩ ላይ የሚሰካበት ሥር፣ የዲስኩ ማስገቢያ ጎድጓዳ፣ የዲስኩ መሀል ቀዳዳ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሌድ የውስጥ ግድግዳ፣ የኩሽኔታው የኳስ መሮጫ፣ የዘንጉ ጥርሶች። እንዳለመታደል ሆኖ ብረት በድካም መሰንጠቅ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 2018 ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሆኖሉሉ ይበር በነበረ የዩናይትድ ቦይንግ 777 ላይ የፒደብልዩ4077 ሞተር ፋን (ከፊት ያለው ትልቁ ማራገቢያ) ብሌድ ተሰበረ። ስንጥቁ የጀመረው ከክፍቱ ብሌድ የውስጥ ገጽ ነበር። ያ ብሌድ በ2010 እና በ2015 ወርዶ በልዩ የሙቀት ምስል ዘዴ ተመርምሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ ምልክት ታይቷል፤ መርማሪዎቹ ግን የቀለም ችግር ነው ብለው አለፉት። ለዘዴው መደበኛ የሥልጠና ፕሮግራም እንዳልነበረ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ገልጿል። ክፍሉ እጅ ላይ ሆኖ ይህ ከሆነ፣ በጠባብ ቀዳዳ በገባ ቀጭን ካሜራ ምን ያህል እንተማመን?

እርግጥ ጸሐፊው ቦርስኮፕ ሊናቅ አይገባም ማለቱ ልክ ነው። በፈተናው ዙሮች መካከል እሱን የሚተካ የለም። የኮምፕረሰር ብሌድ ጠርዝ ላይ ትንሽ ጉርድ ከታየ ፈተናውን አቁሞ መነሻውን መፈለግ ይቻላል፤ ካልታየ ቁራጩ የኋለኞቹን ደረጃዎች በሙሉ ይበላና የቱ ቀድሞ እንደተሰበረ ለማወቅ ያዳግታል።

ሴንሰርን በተመለከተ ነገሩን ባጭሩ እንቋጨው። የዘይት ስፔክትሮሜትር (በዘይቱ ውስጥ ያለውን ብረት በዓይነቱ የሚለይ መሣሪያ) በደንብ የሚያየው ከ10 ማይክሮን ገደማ በታች የሆኑ ብናኞችን ነው። ከተላላጠ ኩሽኔታ የሚወጣው ቅርፊት ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ እሱን የሚይዘው ማግኔቱና ፊልትሮው ነው። ብረት፣ ክሮሚየም፣ ሞሊብደነምና ቫናዲየም አብረው ከጨመሩ ኤም50 ከሚባለው ብረት የተሠራ የኩሽኔታ ኳስ ወይም መሮጫ ይጠረጠራል፤ ብር ከታየ ደግሞ የኳስ መያዣው ልባጥ እየተላጠ ነው። የትኛው ኩሽኔታ? በእያንዳንዱ የዘይት መመለሻ መስመር ላይ ማግኔት ካለ ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ መክፈት ነው። ዘይት የማይነካቸው የተርባይን ብሌዶችና ቬኖች ላይ የሚደርሰውን ደግሞ ናሙናው ጨርሶ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን እንጨምር፤ ጸሐፊውን ራሱን የሚያስገርመው ይመስለናል። የሚሽከረከር ብሌድን የሙቀት ስርጭት ለማወቅ ከሚያስተማምኑት ዘዴዎች አንዱ የሙቀት ቀለም ነው። ብሌዶቹ ይቀባሉ፤ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ በከፍተኛ ኃይል ይሠራል፤ ቀለሙ በደረሰበት ሙቀት ልክ ተለውጦ ይቀራል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ከሮተር (ከሞተሩ ተሽከርካሪ አካል) ላይ ሽቦ ወይም ሬዲዮ ይዞ የሚወጣ ሴንሰር የጥቂት ነጥቦችን ሙቀት ይነግራል፤ ቀለሙ የመላውን ገጽ ይነግራል። እና ቀለሙ የሚነበበው ሞተሩ ተፈትቶ ብሌዶቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ነው። ሴንሰር መፍታትን ተካ የሚለው ክርክር ከዚህ በፊት መልስ ሊያገኝ በተገባ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ግማሹንም እንቀበላለን። በጥድፊያ የተፈታ ሞተር ያልተፈታውን ያህል እንኳ አይናገርም። መልሱ ግን በሥርዓት መፍታት ነው። የሚጠቅም ስለሚመስለን ዘርዘር እናድርገው።

ሞተሩ ከሙከራ መቆሚያው ሳይወርድ፣ ዘይቱ ገና ትኩስ እያለ ናሙና ይቀዳል፤ ብናኙ ሳይዘቅጥ። ማግኔቶቹና ፊልትሮው ይወጣሉ፣ የያዙትም ሳይታጠብ በየከረጢቱ ይገባል። ከዚያ ቦርስኮፕ፤ ከዚያ ሮተሩን በእጅ ማዞር፦ የሚከብድበት ወይም የሚፋጭበት ቦታ ካለ በሰዓት አቅጣጫ ቁጥር ይመዘገባል። ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት ማየት ወይስ ከፊት ወደ ኋላ የሚለው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልተጻፈ፣ 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ተቀያይረው ሪፖርቱ ሁለት ቀን ያከራክራል።

ቡሎን ሲፈታ ለመላቀቅ የጠየቀው ጉልበት በቶርክ መለኪያ ይነበባል። ከገጠሙት በጣም ያነሰ ጉልበት የሚጠይቅ ቡሎን ወይ ተለጥጧል ወይ የያዘው ክፍል ተጨፍልቋል። በአየር መፍቻ የሚፈታ ሰው ይህን መረጃ ያጣል፣ ለዘለዓለም። ማጠብ በዚህ ደረጃ ክልክል ነው። ጥቀርሻው የት እንደጠቆረና የት እንደነጣ፣ ዘይት ከየትኛው መዝጊያ አልፎ ወደየት እንደተረጨ፣ ከኮምፕረሰሩ የታከከ ብረት ቀልጦ ተርባይኑ ላይ መለጠፉ ሁሉ የሚታየው ከመታጠቡ በፊት ነው። የተሰበረ ክፍል ካለ ሁለቱን ስብራቶች «ይገጥማል ወይ» ብሎ መጋጠም የለም፤ የድካሙ መስመሮች በዚያች ቅጽበት ይፈጫሉ። ስብራቱን በባዶ እጅ መንካትም ያው ነው።

የመታከክ ምልክት ሲነበብ ቀፎውና ብሌዱ አብረው ይታያሉ። ቀፎው በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ሁሉም ብሌዶች ጫፋቸው ከተነካ፣ ቀፎው ክብነቱን አጥቷል ወይም ሮተሩ ከመሀል ወጥቷል። ቀፎው ዙሪያውን ተበልቶ የተነኩት ጥቂት ብሌዶች ብቻ ከሆኑ ግን ጥፋቱ ከሮተሩ ነው፦ ወይ ሚዛን አጥቶ ይዞራል ወይ እነዚያ ብሌዶች ረዝመዋል። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።

መፍታት ጉዳት ያመጣል ለሚለው ደግሞ፣ ጉዳቱ የሚመጣባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ኩሽኔታ በውጭው ቀለበት ተጎትቶ ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ካለፈ፣ መሮጫው ላይ በኳሶቹ ርቀት ልክ የተደረደሩ ጭርምት ነጠብጣቦች ይቀራሉ፤ ያላወቀ መርማሪ የፈተናው ጉዳት ነው ብሎ ይጽፋቸዋል። ሞቃት ክፍሎች ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ክልክል ነው፤ ካርቦኑ በቀጣዩ ሙቀት ወደ ኒኬል ቅይጡ ይገባና ያዳክመዋል። ዚንክ፣ ሊድና ካድሚየም የነካው መሣሪያም እንዲሁ። ቲታኒየም ክሎሪን ባለው ማሟሟያ አይታጠብም። እነዚህ በሥልጠና የሚወገዱ ናቸው።

ከመዝገቡና ከልኬቱ በኋላ ነው ማጽዳትና የፍሎረሰንት ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያበራ ፈሳሽ) ተራ የሚደርሰው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር «ፔኔትራንት ካለፈ ክፍሉ ጤነኛ ነው» ብሎ ማለፉ ከቀረው ሁሉ ያሳስበናል። በአሸዋ ወይም በጠንካራ ብናኝ የተጸዳ ብረት ገጹ ይለጠፍና የስንጥቁን አፍ ይዘጋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ውኃ ከቀረ ፔኔትራንቱ አይገባም። በአግባቡ ቢሠራም የአልትራቫዮሌት መብራቱ በ38 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 1,000 ማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ የክፍሉ ነጭ ብርሃን ከ20 ሉክስ መብለጥ የለበትም፤ መርማሪው ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቆያል፤ በብርሃን የሚጠቁር መነጽርም አያደርግም። ምልክት ከታየ በማሟሟያ በቀስታ ተጠርጎ ማውጫ ዱቄቱ እንደገና ይነፋበታል። ተመልሶ ከወጣ ስንጥቅ ነው፤ ካልወጣ የገጽ ቆሻሻ ነበር።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሰው ይስታል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 በሱ ሲቲ የወደቀው የዩናይትድ በረራ 232 የፋን ዲስኩ ስንጥቅ ከ760 በረራ በፊት በተደረገ የፔኔትራንት ምርመራ ሊታይ የሚችል መጠን ነበረው፤ አልታየም። ከ296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። ሐምሌ 6 ቀን 1996 በፔንሳኮላ በዴልታ በረራ 1288 የጄቲ8ዲ ሞተር የፋን ማዕከል ሲፈነዳ ሁለት ተሳፋሪዎች ሞቱ፤ እዚያም ከቀዳዳ የተነሳ ስንጥቅ በፔኔትራንት ምርመራ ሳይታይ አልፏል። ለዚህ ነው የምርመራ ብቃት ስንጥቅን በማግኘት ዕድል (ፕሮባቢሊቲ) የሚለካው፦ አንድ ዘዴ አንድን የስንጥቅ መጠን ቢያንስ 90 በመቶ ያገኛል ብሎ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመናገር ከ29 ስንጥቆች 29ኙንም ማግኘት ያስፈልጋል። አንዲት ከሳተ ናሙናው ይጨምራል። ወሳኝ ቦታዎች፣ በተለይ የዲስክ መሀልና ቀዳዳዎቹ፣ በኤዲ ከረንት (ብረቱ ውስጥ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራ ምርመራ) ይደገማሉ፤ ከገጹ በታች ያለው በአልትራሳውንድ ይታያል። ሁለቱም ክፍሉ ወጥቶ እጅ እንዲገባ ይጠይቃሉ።

የመጨረሻው የጂቲኤፍ ምሳሌ ነው። ሐቁን በቀን እናስቀምጠው። ከጂቲኤፍ ሞተሮች አንዱ የሆነው ፒደብልዩ1100ጂ የአሜሪካን የብቃት ማረጋገጫ ያገኘው በታኅሣሥ 2014 ነው። በ2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞተሮች ከክንፍ እንዲወርዱ ያደረገው፣ ዲስኮች የሚሠሩበት የተበከለ የብረት ዱቄት ደግሞ ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው ከ2015 መጨረሻ እስከ 2021 በተመረቱ ክፍሎች ላይ የነበረ ነው። ለብቃት ማረጋገጫ የተፈታው ሞተር ሲፈታ ያ ዱቄት አልተመረተም። የሙከራ ሞተር መፍታት ዲዛይኑን እንጂ በኋላ ከፋብሪካ የሚወጣውን እያንዳንዱን ዲስክ አይመረምርም፤ ያ የምርት ቁጥጥር ሥራ ነው። ችግሩን ለመለየት የተመረጠውም ዲስኩን በአልትራሳውንድ መመርመር ነው፤ እሱም ሞተሩን መክፈት ይጠይቃል።

ጸሐፊው የተሻለ ምሳሌ ነበረው። በሮልስ ሮይስ ትሬንት 1000 ሞተር የመካከለኛ ግፊት ተርባይን ብሌዶች ላይ የደረሰው የሰልፈር ዝገት ከ2016 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ባሉ ሞተሮች ነው ጎልቶ የወጣው። ይህ ሞተር የኢትዮጵያ አየር መንገድም በአንዳንድ 787-9 አውሮፕላኖቹ ላይ ያለ ስለሆነ ለአንባቢው ቅርብ ነው። በአየር ውስጥ ያለ ሰልፈርና ጨው በብዙ ሺህ ሰዓት የሚሠራውን የ150 ሰዓት ፈተና አያሳይም፤ የቱንም ያህል ተጠንቅቆ ቢፈታ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ግን የሚደረገው ከአገልግሎት የተመለሱ ሞተሮችን መርጦ መፍታትና ከሙከራው ሞተር መዝገብ ጋር ብሌድ በብሌድ ማነጻጸር ነው።